መልስ፦ የለጋሽ ስም ይፋ መውጣቱ ከመናገር ነፃነት ጋር ምን ያገናኘዋል?

ወንድሜ፣ «ገንዘብ መስጠት መናገር አይደለም፤ ታዲያ የአሜሪካ ለጋሾች ስማችን አይውጣ የሚሉት በምን መብት ነው?» ብለህ ለጠየቅከው፣ ነገሩ የሚጀምረው ከአላባማ ነው። ግዛቲቱ የጥቁሮች መብት ተሟጋች የሆነውን ኤንኤኤሲፒን የአባላትህን ስም ዝርዝር አምጣ አለችው። አባል መሆኑ የታወቀበት ሰው ከሥራ ይባረር፣ ይደበደብም ነበር። ስሙ እንደሚወጣ እያወቀ ማን ደፍሮ አባል ይሆናል? ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ1958 ይህ ሰዎች ተደራጅተው ሐሳባቸውን የመግለጽ ነፃነታቸውን ይነካልና ዝርዝሩን አስገድደሽ መውሰድ አትችዪም አላት።

የምርጫ ገንዘብ ላይ ግን ሚዛኑ ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1976 በባክሊ እና ቫሌዮ ክርክር ፍርድ ቤቱ የምርጫ ወጪ ገደብን ሲሽር፣ የለጋሽን ስም ማሳወቅን አጸና፤ መራጩ ከዕጩው ጀርባ ማን እንዳለ ይወቅ በሚል። እ.ኤ.አ. በ2010 ኩባንያዎች ለምርጫ ቅስቀሳ ገንዘብ እንዲያወጡ በሩን የከፈተው የሲትዝንስ ዩናይትድ ውሳኔ እንኳ ማሳወቅን 8 ለ 1 ነው ያጸናው። ይህን ብዙ ሰው ይረሳዋል።

እኔን የሚያንገበግበኝ ሸክሙ የወደቀበት ቦታ ነው። ለፌዴራል ዕጩ በድምሩ ከ200 ዶላር በላይ የሰጠ ሰው ስሙ፣ ሥራውና አሠሪው ይመዘገባል፤ ማንም ፈልጎ ያገኘዋል። አንዲት አስተማሪ 250 ዶላር ብትሰጥ አለቃዋ ሊያየው ይችላል። ሚሊዮን የሚሰጠው ግን ለጋሾቹን እንዲገልጽ በማይገደድ ማኅበር በኩል አሳልፎ ስሙን ይሰውራል። የ200 ዶላሩ ወለል ከፍ ይበል፣ ያ ቀዳዳም ይደፈን ባይ ነኝ።

እ.ኤ.አ. በ2021 ካሊፎርኒያ ለጋሾችን አሳውቁ የምትልበትን ደንብ የሻረውን ውሳኔ የሚጠቅስልህ ካለ፣ እሱ ስለ በጎ አድራጎት ድርጅቶች ለጋሾች እንጂ ስለ ምርጫ መዋጮ አልነበረም።