ከተማ የዘር መድልዎን በምን ይከላከላል? የአንባቢያን ጥያቄዎችና መልሶች

ለዚህ ዕትም ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል አራቱ በአንድ ጉዳይ ዙሪያ የሚያጠነጥኑ በመሆናቸው አንድ ላይ ልንመልሳቸው መርጠናል። ጉዳዩ የከተማ አስተዳደሮች የዘር እኩልነትን ለማስፈንና መድልዎን ለመከላከል የሚያወጧቸው ፖሊሲዎች ናቸው። ደብዳቤዎቹን ለቦታ ቁጠባ አሳጥረናቸዋል።

ጥያቄ፦ የምሠራበት የከተማ አስተዳደር የዘር እኩልነትን የሚመለከት መግለጫ በምክር ቤት አጽድቆ አንድ ቢሮም አቋቁሟል። ቢሮው ለሠራተኞች ስልጠና ይሰጣል፤ የልዩ ልዩ ማኅበረሰቦችን በዓላትም ያዘጋጃል። ከዚህ ያለፈ ሥራ ሲሠራ አላየሁም። ለመሆኑ ዘረኝነት የልብ ጉዳይ ሆኖ ሳለ፣ ውሃና መንገድ የሚያስተዳድር አካል ሊያደርገው የሚችለው ነገር አለ?

መልስ፦ የሰውን ልብ መለወጥ ከከንቲባም ከምክር ቤትም አቅም በላይ መሆኑን እንቀበላለን። ይሁን እንጂ በብዙ ከተሞች የዘር ልዩነት ሥር የሰደደው በደንብ፣ በካርታና በበጀት አማካይነት ነው፤ እነዚህ ደግሞ በቀጥታ በከተማው እጅ ያሉ ነገሮች ናቸው። የአሜሪካዋ ባልቲሞር እ.ኤ.አ. በ1910 ባወጣችው ደንብ ጥቁሮች አብዛኛው ነዋሪ ነጭ በሆነበት የመንገድ ክፍል፣ ነጮችም አብዛኛው ነዋሪ ጥቁር በሆነበት እንዳይሰፍሩ ከለከለች፤ ሌሎች ከተሞችም ተከተሏት። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1917 የሉዊቪል ከተማን ተመሳሳይ ደንብ ሲሽር ግን ነገሩ በዚያ አላበቃም። በሰፋፊ የከተማ ክፍሎች ከአንድ ቤተሰብ መኖሪያ በቀር ሌላ ቤት እንዳይሠራ የሚከለክለው የመሬት አጠቃቀም ደንብ የማንንም ዘር በስም አይጠራም፤ ነገር ግን ሰፊ ግቢ ያለው ቤት የመግዛት አቅም የሌለውን ሰው ከአካባቢው ስለሚያርቅ፣ ገቢና ሀብት በዘር በተከፋፈለበት አገር ውጤቱ ከቀድሞው ብዙም የራቀ አልሆነም። የሚኒያፖሊስ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2018 በእንዲህ ዓይነት ቦታዎች ላይ እስከ ሦስት መኖሪያ እንዲሠራ የሚፈቅድ ዕቅድ ሲያጸድቅ፣ ከምክንያቶቹ አንዱ ይህንኑ የመለያየት ቅርስ ማረም መሆኑን በግልጽ አስቀምጧል።

ከመሬት ባልተናነሰ ልብ ሊባል የሚገባው የገቢ ምንጭ ነው። ፈርጉሰን በተባለችው አነስተኛ የሚዙሪ ከተማ አንድ ጥቁር ወጣት በፖሊስ ከተገደለ በኋላ የአሜሪካ የፍትሕ ሚኒስቴር ምርመራ አካሂዶ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2015 ሪፖርቱን ይፋ አደረገ። ከ2012 እስከ 2014 ባለው ጊዜ ጥቁሮች ከነዋሪው 67 በመቶ ሲሆኑ፣ ፖሊስ ካስቆማቸው ተሽከርካሪዎች 85 በመቶው፣ ከተሰጡት የቅጣት ወረቀቶች 90 በመቶው፣ ከታሰሩት ሰዎች ደግሞ 93 በመቶው የእነርሱ ነበሩ። ጥቁር አሽከርካሪዎች ከነጮች ከእጥፍ በላይ ይፈተሹ ነበር፤ ሕገ ወጥ ነገር የተገኘባቸው ግን ከነጮቹ ባነሰ መጠን ነው። የሪፖርቱ ዋና ቁም ነገር ለእኛ ከእነዚህ ቁጥሮች ይልቅ የበጀቱ ሠንጠረዥ ነው፦ ከተማዋ ለ2015 በጀት ዓመት ከጠቅላላ ገቢዋ 13.26 ሚሊዮን ዶላር ውስጥ 3.09 ሚሊዮኑን ከቅጣትና ከፍርድ ቤት ክፍያ ለመሰብሰብ አቅዳ ነበር። ዕቅዱን ለማሳካት ቅጣት መብዛት ነበረበት፤ ቅጣቱም የወረደው ራሱን ለመከላከል አቅም በሌለው ነዋሪ ላይ ነው። ለእነዚያ ፖሊሶች የቱንም ያህል ስልጠና ቢሰጥ፣ የገቢ ዕቅዱ ባለበት እስከቀጠለ ድረስ ችግሩ ይፈታ ነበር ብሎ ማመን ያስቸግራል።

ስለዚህ ለጥያቄዎ የምንሰጠው መልስ ይህ ነው፦ የዘር እኩልነት ቢሮ የሚመዘነው የከተማው የዘወትር ውሳኔዎች ሲወሰኑ በቦታው በመገኘቱና አቋሙ የሚያስከትለው ነገር በመኖሩ ነው። የአሜሪካዋ ሲያትል ከተማ እ.ኤ.አ. ከ2000ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በዚህ ረገድ ለብዙ ከተሞች አርአያ የሆነ አሠራር አላት። የከተማዋ መሥሪያ ቤቶች አንድ መርሐ ግብር ወይም የበጀት ጥያቄ ሲያዘጋጁ፣ ውሳኔው በየትኛው ማኅበረሰብ ላይ ሸክም እንደሚጥል፣ ማንን እንደሚጠቅም፣ የሚነካቸው ሰዎች መጠየቅ አለመጠየቃቸውን፣ ጉዳት ካለም በምን እንደሚቃለል በጽሑፍ እንዲመልሱ የሚያደርግ መጠይቅ አለ። በእንግሊዝ ደግሞ ነገሩ የሕግ ግዴታ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው የእኩልነት ሕግ የአካባቢ ምክር ቤቶችን ጨምሮ የመንግሥት አካላት በሥራቸው ሁሉ መድልዎን ለማስወገድና የዕድል እኩልነትን ለማስፋት ተገቢውን ትኩረት እንዲሰጡ ያዛል። ይህን ሳያደርግ ቤተ መጻሕፍት የሚዘጋ ወይም አገልግሎት የሚቀንስ ምክር ቤት ውሳኔው በፍርድ ቤት ሊሻርበት ይችላል።

የትኩረት ግዴታ የውጤት ግዴታ አለመሆኑን ግን አንዘንጋ። መጠይቁን ሞልቶ ያሰበውን ያንኑ የሚያደርግ መሥሪያ ቤት በየትም አይታጣም፤ ውሳኔው ካለቀ በኋላ የሚሞላ መጠይቅም ከወረቀት ብክነት በቀር ትርጉም የለውም። እርስዎ ውስጥ ሆነው ሥራውን ስለሚያዩት፣ ቢሮው ተጠሪነቱ ለማን እንደሆነ፣ የበጀት ረቂቅ ወደ ምክር ቤት ከመሄዱ በፊት ያየው እንደሆነ፣ አስተያየቱ ለሕዝብ ይፋ ይሆን እንደሆነ ቢጠይቁ ከስልጠናው ብዛት የበለጠ ይነግርዎታል። በዓላቱን አንነቅፍም፤ በዓል ግን ፖሊሲ አይደለም።

ጥያቄ፦ በምኖርበት የውጭ አገር ከተማ ለማከራየት ማስታወቂያ ወደወጣ ቤት ስደውል፣ ባለቤቱ አነጋገሬን እንደሰማ ቤቱ ተይዟል አለኝ። በዚያው ቀን የአገሩ ተወላጅ የሆነ የሥራ ባልደረባዬ ሲደውልለት ግን መጥቶ እንዲያይ ጋበዘው። ከተማው ፀረ መድልዎ ደንብ እንዳለው ሰምቻለሁ፤ ፊት ለፊት ምንም ስላልተባልኩ የማሸንፍ አይመስለኝም። አቤቱታ ማቅረቡ ዋጋ አለው?

መልስ፦ አለው። የዛሬ ዘመን አድሎ ፈጻሚ ምክንያቱን በአንደበቱ አይናገርም፤ በመሆኑም በዚህ ሥራ ላይ የተሰማሩ አካላት ቀጥተኛ ንግግርን ብቻ ማስረጃ አድርገው አይጠብቁም። እርስዎና ባልደረባዎ ሳታስቡት ያደረጋችሁት ነገር በሙያው ዘንድ የታወቀ ዘዴ ነው፦ ገቢያቸውና ሥራቸው ተመሳሳይ የሆነ፣ በዘር ብቻ የሚለያዩ ሁለት ሰዎች ለአንድ ቤት እንዲጠይቁ ይደረግና የተሰጣቸው መልስ ይነጻጸራል። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1982 በወሰነው አንድ ጉዳይ፣ ቤቱን የመከራየት ሐሳብ ሳይኖራት ለማጣራት ብቻ የጠየቀች ጥቁር ሴት እንኳ ሐሰተኛ መረጃ ስለተሰጣት መክሰስ እንደምትችል አረጋግጧል። እርስዎ ደግሞ በእርግጥ ቤት ፈላጊ ነበሩ።

ዋናው ነገር ጊዜ ነው። የጥሪዎቹን ሰዓት፣ የተባለውን ቃል፣ የማስታወቂያውን ምስል ዛሬውኑ ያስቀምጡ፤ ባልደረባዎም የሰማውን በጽሑፍ ያስፍር። የአቤቱታ ማቅረቢያ ጊዜ ከቦታ ቦታ በእጅጉ ይለያያል፦ በኒውዮርክ ከተማ ለሰብዓዊ መብት ኮሚሽኑ በዘር መድልዎ ላይ አቤቱታ የሚቀርበው በአንድ ዓመት ውስጥ ሲሆን፣ በጀርመን እ.ኤ.አ. በ2006 በወጣው የእኩል አያያዝ ሕግ መሠረት የካሳ ጥያቄ በሁለት ወር ውስጥ መቅረብ አለበት። ብዙ ሰው የሚሸነፈው በማስረጃ ማነስ ሳይሆን ይህ ቀን ስላለፈበት ነው ብንል ብዙም አንሳሳትም።

የተቋሞቹም ጉልበት አንድ ዓይነት አይደለም። የኒውዮርኩ ኮሚሽን መነሻው በሃርለም ከተቀሰቀሰው የ1943ቱ ሁከት በኋላ ከንቲባ ላጓርዲያ እ.ኤ.አ. በ1944 ያቋቋሙት የአንድነት ኮሚቴ ነው። በመጀመሪያ ሥራው ማጥናትና ማግባባት ነበር፤ ዛሬ ግን ይመረምራል፣ ጉዳዩን ወደ ችሎት ያቀርባል፣ እስከ 125,000 ዶላር፣ ሆን ተብሎ ለተፈጸመ ጥፋት ደግሞ እስከ 250,000 ዶላር የሚደርስ ቅጣት ሊያስከትል ይችላል። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2019 ባወጣው መመሪያ በሥራ ቦታም ሆነ በትምህርት ቤት ሹሩባንና ሌሎች የጥቁሮች የፀጉር አሠራሮችን መከልከል የዘር መድልዎ መሆኑን ገልጿል። በሌላ በኩል በርሊን፣ ከተማም ክፍለ አገርም በመሆኗ፣ እ.ኤ.አ. በ2020 የራሷን ፀረ መድልዎ ሕግ ብታወጣም፣ ሕጉ የሚመለከተው ፖሊስንና ትምህርት ቤትን የመሳሰሉ የመንግሥት አካላትን ነው፤ የግል አከራይ የሚጠየቀው በአገሪቱ ሕግ ነው። ስለዚህ ደብዳቤዎን ወደ ከተማው አስተዳደር ከመላክዎ በፊት ተቋሙ በግል አከራይ ላይ ሥልጣን ያለው መሆኑን አንድ ስልክ ደውለው ያረጋግጡ። ከሌለው ቀኑን እየቆጠሩ ወደሚመለከተው ይሂዱ። አቤቱታ በማቅረብ ምክንያት መበቀል በራሱ የተከለከለ መሆኑንም ይወቁ፤ በአብዛኞቹ ፀረ መድልዎ ሕጎች ይህ ራሱን የቻለ ጥፋት ነው።

ጥያቄ፦ እኩልነትን እናሰፍናለን እያሉ የነዋሪውን ዘር መጠየቅና መመዝገብ ራሱ መከፋፈል አይሆንም? ቅጽ ላይ እንዲህ ያለ ጥያቄ ሳይ ደስ አይለኝም።

መልስ፦ ስሜትዎ መሠረት ያለው ነው። አምስተርዳም በጀርመን ናዚዎች ቁጥጥር ሥር በነበረችበት ዘመን፣ በሥርዓት የተያዘው የነዋሪዎች መዝገብ አይሁዳውያንን ለይቶ ለማጋዝ ዋና መሣሪያ ሆኖ አገልግሏል፤ ናዚዎቹን በኅቡዕ ይታገሉ የነበሩ ሰዎች እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1943 የከተማዋን መዝገብ ቤት ያቃጠሉትም በዚህ ምክንያት ነው። መዝገቡን ያዘጋጁት የቀድሞዎቹ ባለሥልጣናት ይህን ክፋት አላሰቡትም ነበር፤ መረጃ ግን ከሰብሳቢው ሐሳብ ይልቅ በኋላ በሚመጣው ሰው ፍላጎት ላይ ሊውል ይችላል።

ፈረንሳይ ይህን ፍርሃት ወደ ሕግ ለውጣዋለች፤ የሕገ መንግሥት ምክር ቤቷ እ.ኤ.አ. በ2007 የጥናት መረጃ በዘር ወይም በብሔር አመጣጥ ላይ ሊመሠረት እንደማይችል ወስኗል። እንግሊዝ በተቃራኒው እ.ኤ.አ. ከ1991 ጀምሮ በሕዝብ ቆጠራዋ የብሔር አመጣጥን ትጠይቃለች። እኛ ወደ ሁለተኛው እናዘነብላለን፤ ምክንያቱም ከላይ የጠቀስነው የፈርጉሰን ነገር ቁጥር ባይኖር ኖሮ የቅሬታ ወሬ ሆኖ ይቀር ነበር። ማዘንበላችን ግን በቅድመ ሁኔታ ነው። ሰው ማንነቱን ራሱ ይግለጽ፤ ለመግለጽ ያልፈለገ አገልግሎት አይከልከል፤ መረጃው ከስምና ከአድራሻ ተለይቶ በድምሩ ብቻ ይያዝ፤ ፖሊስና የኢሚግሬሽን ባለሥልጣን አይድረሱበት። በአውሮፓ ኅብረት የግል መረጃ ጥበቃ ደንብም የዘር መረጃ ልዩ ጥበቃ ከሚደረግላቸው ውስጥ የተመደበ ነው። ቅጹን የሰጠዎት መሥሪያ ቤት መረጃው የት እንደሚቀመጥና ማን እንደሚያየው ሊነግርዎ ካልቻለ፣ ያንን ሣጥን ባዶ መተው መብትዎ ነው ብለን እናምናለን።

ጥያቄ፦ ከተማ ለተገፉ ማኅበረሰቦች የሥራ ተቋራጮች ከጨረታ ድርሻ በኮታ ለምን አይመድብም? ነገሩ በአንድ ቀን ይስተካከል ነበር።

መልስ፦ የተሞከረ ነገር ነው። በአሜሪካ የቨርጂኒያ ግዛት ከተማ የሆነችው ሪችመንድ ግማሽ ያህሉ ነዋሪዋ ጥቁር ሆኖ ሳለ፣ ከከተማው ዋና የግንባታ ውሎች ለአናሳ ማኅበረሰቦች ድርጅቶች የደረሰው 0.67 በመቶ ብቻ ሆኖ በመገኘቱ፣ ምክር ቤቷ ዋና ተቋራጮች ከውሉ ዋጋ ቢያንስ 30 በመቶውን ለእነዚሁ ድርጅቶች በንዑስ ተቋራጭነት እንዲሰጡ አዘዘ። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1989 ደንቡን ሻረው። ከተማዋ በግንባታ ዘርፉ የተፈጸመን የተለየ መድልዎ በማስረጃ አላሳየችም፤ 30 በመቶውም ከምን ተነሥቶ እንደተሰላ አልታወቀም አለ። በሪችመንድ መድልዎ ደርሶባቸው የማያውቁ የአላስካ ተወላጆች እንኳ በተጠቃሚነት መዘርዘራቸውን ፍርድ ቤቱ ሳይጠቅስ አላለፈም። ከዚያ ወዲህ የአሜሪካ ከተሞች እንዲህ ያለ መርሐ ግብር ከማውጣታቸው በፊት የጨረታ ታሪካቸውን በባለሙያ ያስጠናሉ። ከቺካጎ አጠገብ ያለችው ኢቫንስተንም በተመሳሳይ ሐሳብ፣ ከካናቢስ ሽያጭ ግብር በሚገኝ ገንዘብ ለመኖሪያ ቤት የ25,000 ዶላር ድጋፍ ስትሰጥ፣ ከ1919 እስከ 1969 በከተማዋ ይኖሩ ለነበሩ ጥቁር ነዋሪዎችና ለተወላጆቻቸው ቅድሚያ በመስጠት ነገሩን ከደረሰው ጉዳት ጋር አያይዛዋለች፤ ያም ሆኖ በፍርድ ቤት ክስ ቀርቦባታል።

በሌሎች አገሮች ሕጉ ሰፋ ያለ ሊሆን ይችላል፤ የትም ቢሆን ግን ኮታ ሳያስፈልግ ነገ ሊደረግ የሚችል ነገር አለ። ትንሽ ተቋራጭን ከጨረታ የሚያስወጣው ብዙውን ጊዜ ከአቅሙ በላይ የሆነ የዋስትና ገንዘብ፣ በአንድ ላይ የታጨቀ ግዙፍ ሥራና ሥራው ካለቀ ከወራት በኋላ የሚፈጸም ክፍያ ነው። ከተማው ሥራውን ከፋፍሎ ቢያወጣ፣ ዋስትናውን ከሥራው መጠን ጋር ቢያመጣጥንና ንዑስ ተቋራጩ በውል በተወሰነ ቀን እንዲከፈለው ቢያስገድድ፣ የማንንም ዘር ሳይጠይቅ ለዘመናት በር ለተዘጋባቸው ድርጅቶች መግቢያ ይከፍታል።