ቢሉ ለምን ይንቀረፈፋል?

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ ይሁን። ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ሥር ትንሽ ምግብ ቤት አለኝ። የግብር ደረሰኝ የሚያወጣው ፊስካል ማሽን ለብቻው ነው፣ እሱ ደህና ነው። ያስቸገረኝ ደንበኛው ከመክፈሉ በፊት ሂሳቡን የምናሳይበትን ቢል የሚያወጣው ባለ 80 ሚሊ ሜትር ፕሪንተር ነው። ድሮ ካሸሯ ቁልፉን ከመንካቷ ዥው ብሎ ነበር የሚወጣው። ካለፈው ወር ወዲህ ግን ትንሽ ያትማል፣ ይቆማል፣ ደግሞ ትንሽ ያትማል። በሰዓት ብንይዘው ከ20 ሰከንድ በላይ ሆነ። ማታ ሰርቪሶቹ ሠራተኛ ሲያራግፉ ሁሉም በአንዴ ነው በልቶ "ሂሳብ!" የሚለው፣ አስተናጋጆቹ ካሸሯ ላይ ይጮኻሉ፣ ካሸሯ ደግሞ ፕሪንተሩን በጥፊ ትመታዋለች። የጠራሁት ባለሙያ "ጭንቅላቱ አልቋል፣ አዲስ ግዛ" አለኝ። ልግዛ? (በነገራችን ላይ ቢሉን በቅርቡ አሳምረነዋል፣ ሎጎ ገብቶበታል፣ ስማችንና አድራሻችንም በአማርኛ ሆኗል።)

መልስ፦ ወንድሜ፣ አትግዛ። ቢያንስ ገና አትግዛ። መልሱን እኮ ራስህ ቅንፍ ውስጥ ጽፈኸዋል።

መጀመሪያ የባለሙያውን ነገር እንይ። ጭንቅላቱ፣ ማለትም ወረቀቱን እያሞቀ የሚያትመው ክፍል፣ ያለቀ ፕሪንተር ጽሑፉን ያደበዝዛል፣ ወይም ከላይ እስከ ታች ቀጥ ያለ ነጭ መስመር ይተዋል። ቆም ቀጥ አይልም። ካላመንከኝ ራስህ ሞክረው፦ ፕሪንተሩን አጥፋ፣ ወረቀት የምትገፋበትን ቁልፍ ተጭነህ እንደያዝክ መልሰህ አብራው። አብዛኞቹ እንዲህ ሲደረጉ የራሳቸውን መፈተሻ ወረቀት ያትማሉ። ይሄ ወረቀት ከኮምፒውተሩ ጋር ምንም አይገናኝም፣ ገመዱን ነቅለህም ይወጣል። እንደ ድሮው ዥው ብሎ ከወጣ ሞተሩም ጭንቅላቱም ጤነኛ ናቸው። እሱም ከተንቀረፈፈ አዳፕተሩን እየው፤ እነዚህ ፕሪንተሮች በአብዛኛው 24 ቮልት ነው የሚፈልጉት፣ መብራት ሲሄድ ሲመጣ የተቃጠለውን አዳፕተር በተገኘው የተካ ሰው ብዙ አይቻለሁ።

አሁን ያ ወረቀት ላይ የተጻፈውን አንብብ። የቦድ ሬት፣ ማለትም መረጃ በገመዱ የሚያልፍበትን ፍጥነት፣ ቁጥር ፈልግ። 9600 እንደሚል እገምታለሁ፣ ገመድህም ያ በሁለት ብሎን የሚታሰረው ባለ ዘጠኝ ፒን ሲሪያል ነው። ከሆነ ሌባው ተያዘ።

ሂሳቡን አብረን እንሥራው፣ ሂሳብ የሰለቸህ ሰው እንደሆንክ ባውቅም። 9600 ማለት በሰከንድ 9600 ቢት ነው፣ ቢት ማለት ትንሿ የመረጃ ቁራጭ ናት። አንድ ባይት ስምንት ቢት ነው፣ በገመዱ ሲሄድ ግን መነሻና መድረሻ ምልክቱን ጨምሮ 10 ቢት ይወስዳል፣ ስለዚህ በሰከንድ 960 ባይት ያልፋል ማለት ነው። የድሮው ቢልህ የእንግሊዝኛ ፊደልና ቁጥር ብቻ ነበር፣ አንዱ ፊደል አንድ ባይት። 30 መስመር በ42 ፊደል ብትለው 1260፣ አንድ ሰከንድ ከምናምን። ለዚህ ነው ዥው ይል የነበረው።

ሥዕል ግን ሌላ ነው። የ80 ሚሊ ሜትሩ ወረቀት ላይ በወርድ 576 ነጥብ ይታተማል፣ ስምንት ነጥብ አንድ ባይት ነው፣ ስለዚህ ክር የምታህል አንዲት ረድፍ ብቻ 72 ባይት ትፈጃለች። በአንድ ሚሊ ሜትር ቁመት ደግሞ ስምንት ረድፍ አለ። የ2 ሳንቲ ሜትር ሎጎ 160 ረድፍ ነው፣ ሲባዛ 11,520 ባይት። ይሄ ብቻውን 12 ሰከንድ!

"እሺ ሎጎው ይሁን፣ አማርኛው ምን አደረገ?" ትለኝ ይሆናል። አማርኛውም ሥዕል ነው። የፕሪንተሩ ሆድ ውስጥ ተዘጋጅቶ የሚመጣው በአብዛኛው የላቲን ፊደል ነው። በድሮው አሠራር በአንድ ባይት 256 ምልክት ብቻ ነው የሚለየው፣ ግማሹን እንግሊዝኛውና ቁጥሩ ይዞታል፣ የሚቀረው 128 ነው። የእኛ ደግሞ 33 ፊደል በሰባት በሰባቱ ሲሄድ 231 ነው፣ እነ ሏንና ቧን ሳንቆጥር። የት ይግባ? ዩኒኮድ ፊደላችንን ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይዞታል፣ ኮምፒውተርህና ስልክህ በዚያ ነው አማርኛ የሚያሳዩህ፣ ርካሹ ቢል ፕሪንተር ግን አሁንም እዚያው ድሮ ነው ያለው። ስለዚህ ፕሮግራሙ አማርኛውን እንደ ፎቶ ሥሎ ይልከዋል። አንዷ የአማርኛ መስመር ከክፍተቷ ጋር 30 ረድፍ ብትሆን ከ2 ሰከንድ በላይ ትወስዳለች፣ አራት መስመር 9 ሰከንድ። ከሎጎው 12 ጋር ደምረው። 20ውን አለፈ አይደል? ቆም ቀጥ የሚለውም ነጥቦቹ ተንጠባጥበው እስኪደርሱለት እየጠበቀ ነው። ምስኪኑን በጥፊ አትምቱት።

መፍትሔው ርካሽ ነው። ፕሪንተሩ ጀርባ ላይ የዩኤስቢ ወይም የኔትወርክ ቀዳዳ ካለው ገመዱን ቀይር፣ ነገሩ እዚያው ያልቃል፤ ፕሮግራሙ ላይ ግን ፖርቱን፣ ማለትም ፕሪንተሩ የተሰካበትን መስመር፣ መቀየር እንዳትረሳ። ሲሪያል ብቻ ከሆነ ፍጥነቱን ወደ 115200 ከፍ አድርገው፣ 12 እጥፍ ነው፣ ከቀረው ጽሑፍ ጋር 22 ገደማ የሆነው ሰከንድ ወደ 2 ይወርዳል። እዚህ ላይ ተጠንቀቅ፦ ፕሪንተሩ ላይ ያለው ቁጥር (አንዳንዱ ሆዱ ሥር ባሉ ትንንሽ ማብሪያ ማጥፊያዎች ነው የሚቀየረው) ፕሮግራሙ ላይ ካለው ጋር አንድ መሆን አለበት። ካልተገጣጠሙ ቢሉ ላይ ማንም የማያነበው ዝባዝንኬ ይታተማል። ያኔ አትደንግጥ፣ ምንም አልተበላሸም።

እኔ ብሆን ሌላም እጨምራለሁ። ሎጎውን፣ ስሙንና አድራሻውን አንድ ሥዕል አድርጌ ፕሪንተሩ ማስታወሻ ውስጥ አንዴ እጭነዋለሁ። ከዚያ በኋላ ፕሮግራሙ "ያንን አውጣ" የሚል አጭር ትዕዛዝ ብቻ ይልካል። ፕሮግራሙን የሸጠልህን ልጅ ጠይቀው፣ የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው። ብቻ በየቢሉ እንደገና እንዳይጭነው ንገረው፣ ማስታወሻው በመጻፍ ብዛት ያልቃል።

ምናልባት ቁጥሩ 9600 ካልሆነ፣ ወይም ቢሉ መሃል ላይ ሳይቆም ለመጀመር ብቻ ዝም ብሎ የሚቆይ ከሆነ፣ ችግሩ ኮምፒውተሩ ጋ ሊሆን ይችላል። በኔትወርክ ከተገናኘ የዊንዶውስ የፖርት ማስተካከያ ውስጥ ኤስኤንኤምፒ (SNMP፣ ኮምፒውተሩ የፕሪንተሩን ሁኔታ የሚጠይቅበት መንገድ) የሚለው ላይ ያለውን ምልክት አንሳው፣ ብዙ ጊዜ ይሄ ብቻ ይበቃል።

እነዚህን ሁሉ ፊስካሉ ላይ እንዳትሞክር! እሱ የታሸገ ነው፣ የሚከፍተው ፈቃድ ያለው የጥገና ማዕከል ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ ከሰሚት ነው። ሱቄ ቆርቆሮ ነው። ዕቃ የገዛሁባቸውን ደረሰኞች በላስቲክ ማህደር አስቀምጬ፣ ለሂሳብ ሠራተኛዬ ልስጥ ስል ግማሾቹ ነጭ ወረቀት ሆነዋል። ቀለሙ ምን ነክቶት ነው?

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያውኑም ቀለም የለውም። ወረቀቱ ሙቀት ሲነካው የሚጠቁር ኬሚካል ተቀብቷል፣ ፕሪንተሩ የሚያደርገው ማሞቅ ብቻ ነው። ፀሐይ፣ የቆርቆሮ ቤት ሙቀት፣ ቅባት የነካው እጅ፣ ያ የላስቲክ ማህደር ራሱም ያጠፉታል። ከላስቲኩ አውጥተሽ በወረቀት ፖስታ፣ ጨለማና ቀዝቃዛ ቦታ አድርጊው። አዲስ ደረሰኝ በገባ ቁጥር ያን ቀን ፎቶ ኮፒ አንሺውና ከዋናው ጋር አያይዢው። በከፊል የሚነበቡትን ዛሬውኑ በስልክሽ አንሻቸው፤ ጭራሽ ነጭ ለሆኑት ደግሞ ሻጮቹ ጋ ሄደሽ ምን ሊደረግ እንደሚችል መጠየቅ ነው።