መልስ፦ ኮቡርግ አርማ ላይ ያለው ጥቁር ሰው ማነው?

እህቴ፣ ጀርመን ኮቡርግ ከተማ መንገድ ላይ፣ የፍሳሽ ጉድጓድ ክዳን ላይ ያየሽው ጥቁር ፊት የባሪያ ምስል ነው ወይ ብለሻል። በፍጹም አይደለም። ቅዱስ ሞሪስ ነው፤ የከተማዋ ጠባቂ ቅዱስ። እዚያው በስሙ የሚጠራ ቤተ ክርስቲያን አለ።

በትውፊቱ ሞሪስ ከግብፅ፣ ከቴብስ የመጣ የሮም ጦር አዛዥ ነበር። ክርስቲያኖችን አሳድድ ሲባል እምቢ አለ። ከነወታደሮቹ ዛሬ ስዊዘርላንድ በምንላት አገር ተሰዋ። ጀርመኖች በ13ኛው ክፍለ ዘመን በጥቁር ሰው መልክ ይቀርጹት ጀመር። ማግደቡርግ ካቴድራል ያለው ሐውልቱ፣ ጥሩር እንደለበሰ፣ ልብ ይነካል።

ናዚዎች ግን ጥቁር ሰው የከተማዋ አርማ ላይ እንዲኖር አልፈለጉም። በ1934 (በአውሮፓውያን አቆጣጠር) አንስተው ሰይፍና የራሳቸውን ምልክት ስዋስቲካን ተኩበት። በ1945 ሲወድቁ ሞሪስ ተመለሰ።

በ2020 ደግሞ አርማው ይቀየር የሚል የፊርማ ዘመቻ ተነስቶ ነበር። የከንፈሩና የጉትቻው አሳሳል ቅር የሚያሰኘው ሰው ይገባኛል። እኔ ግን ስዕሉ ይስተካከል እንጂ ሰማዕቱ ይነሳ አልልም።

ደግመሽ ከሄድሽ ማዘጋጃ ቤቱ አናት ላይ ቀና ብለሽ እዪ። እዚያም ቆሟል። የያዘው በትር የኮቡርግ ቋሊማ የርዝመት ልክ ነው ይላሉ።