ማኅደሩን ከአሥር ዓመት በኋላ የሚከፍተው ማን ነው?

ከደረሱኝ ደብዳቤዎች መካከል የአንጎል ምስል ጥናቶችን መረጃ ስለማደራጀትና ስለማስቀመጥ የሚጠይቁት በዝተው ስላገኘኋቸው ዛሬ ለብቻቸው ሰብስቤአቸዋለሁ። ረጃጅሞቹን አሳጥሬአለሁ፤ ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርጌአለሁ። ስለ ራሳቸው አንጎል ምስል ተጨንቀው የጻፉ አንዲት አንባቢም አሉ፤ የእሳቸውን መልስ ሌሎቻችሁም ብታነቡት ደስ ይለኛል።

ጥያቄ፦ 200 ተሳታፊዎች ላሉት ጥናት ዲስክ ልንገዛ ነው። የግዥ ክፍሉ ዛሬውኑ ቁጥር ይፈልጋል። ስንት ቴራባይት ይበቃናል?

ቁጥሩ ያለው በቅኝት ፕሮቶኮላችሁ፣ ማለትም ማሽኑ ምስሎቹን እንዴት እንደሚያነሳ በሚዘረዝረው መመሪያ ውስጥ ነው፤ ስሌቱም ከባድ አይደለም። አንድ ሚሊሜትር ጥራት ያለው የአንጎል መዋቅር ምስል 256 በ256 በ176 ነጥቦች ቢኖሩትና እያንዳንዱ ነጥብ 2 ባይት ቢይዝ፣ ሳይጨመቅ 23 ሜጋባይት ያህል ይሆናል። 64 በ64 በ36 ነጥብ ያለውን ምስል 300 ጊዜ የሚያነሳ ኤፍኤምአርአይ (አንጎል ሲሠራ የሚያሳይ ተከታታይ ምስል) ደግሞ 88 ሜጋባይት ገደማ ነው። ለአንድ ሰው ሁለቱን አንድ አንድ ጊዜ ብታነሱ 200ው ሰው በ22 ጊጋባይት ያልቃል፤ ይህ በኪስ በሚያዝ ዲስክ የሚገባ ነው። ነገር ግን የአንጎልን ግንኙነቶች እንደሚያጠናው ትልቅ ጥናት፣ እንደ ሂውማን ኮኔክቶም ፕሮጀክት፣ በ2 ሚሊሜትር ጥራት፣ በየ0.72 ሰከንዱ አንድ ሙሉ የአንጎል ምስል የምታነሱ ከሆነ፣ አሥራ አምስት ደቂቃ የማይሞላው አንድ ቅኝት 1,200 ምስሎች ይኖሩታል፤ መጠኑም 1.6 ጊጋባይት ይደርሳል። በሰው አራት ቅኝት ካነሳችሁ ጥሬው ምስል ብቻ 1.3 ቴራባይት ገደማ ሆነ ማለት ነው።

በዚያ ላይ ለትንተና ወደሚመች የፋይል ዓይነት የተለወጠውን ቅጂ፣ ከትንተና የሚወጡትን ፋይሎችና የመጠባበቂያ ቅጂዎቹን ጨምሩ። ከትንተና የሚወጣው ብዙ ጊዜ ከጥሬው ይበልጣል። የትኛው የትንተና ውጤት ለዘለቄታው ይቀመጥ፣ የትኛው እንደገና ተሠርቶ ሊገኝ ስለሚችል ይሰረዝ የሚለውን ሳትወስኑ ለግዥ ክፍሉ ቁጥር አትስጡ።

ጥያቄ፦ በፋይል ስም ውስጥ ክፍት ቦታ መተው ችግር አለው?

አለው፤ አይተዉ።

ጥያቄ፦ አዲስ ለሚቋቋም የአንጎል ምስል ማኅደር የመስፈርት ዝርዝር እንዳዘጋጅ ታዝዣለሁ። ለተመራማሪዎቹ ሁሉ መጠይቅ በተንኩ። ግማሾቹ ዝም አሉ፤ የመለሱልኝ ደግሞ «ሁሉም ነገር ያስፈልገናል» ይላሉ። ኮሚቴው በሚቀጥለው ወር ሰነዱን ይጠብቃል። ከየት ልጀምር?

መጠይቁን ይተዉትና ሰዎቹ ወደሚሠሩበት ቦታ ይሂዱ። ተመራማሪ «ምን ይፈልጋሉ?» ሲባል ምኞቱን ይዘረዝራል፤ ምኞት ደግሞ ወሰን የለውም። የሚያስፈልገው ነገር የሚታየው በሥራው መሃል ነው።

በኤምአርአይ ክፍሉ ይጀምሩ። ከቴክኒሻኑ አጠገብ ተቀምጠው አንድ ቅኝት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ይከታተሉ። የተሳታፊውን መለያ ቁጥር ማን ያስገባዋል? በእጅ ነው የሚጻፈው? ስህተት ቢፈጠር የሚታወቀው መቼ ነው? ተሳታፊው ሳል ሲይዘው ቅኝቱ ይቋረጥና ይደገማል፤ ማሽኑም ሁለቱን ሊያስቀምጥ ይችላል። ለጥናቱ የሚሆነው የትኛው እንደሆነ የሚያውቀው እዚያ የነበረው ቴክኒሻን ነው፤ እሱም በወረቀት ላይ ይጽፈዋል። ተሳታፊው ነቅቶ መቆየት ሲገባው እንቅልፍ ወስዶት እንደነበረም የሚገኘው እዚያው ወረቀት ላይ ነው። ይህ ወረቀት ከዚያ በኋላ ወዴት እንደሚሄድ ይጠይቁ። እኔን ከሁሉ አብልጦ የሚያሳስበኝ ይህ ነው፦ ምስሉ በሁለትና በሦስት ዲስክ ተባዝቶ ይጠበቃል፤ ለምስሉ ትርጉም የሚሰጠው ማስታወሻ ግን አንዲት ቅጂ ብቻ ኖራው ከአንድ መሳቢያ ይጠፋል። በዝርዝርዎ ላይ የመጀመሪያውን መስመር ለዚህ ማስታወሻ ይስጡልኝ።

ቀጥሎ ምስሉን ወደሚተነትኑት ይሂዱ። «የድሮ ጥናት መረጃ ከፍተው ሊጠቀሙበት ያልቻሉበትን የመጨረሻ አጋጣሚ ይንገሩኝ» ይበሏቸው። ያን ጊዜ ዝም ያሉት ሁሉ ይናገራሉ። አንጎሉን ንብርብር በንብርብር የሚያሳዩት ምስሎች በምን ቅደም ተከተል እንደተነሱ አልተጻፈም። የማግኔት መስኩን መዛባት ለማረም የሚያስፈልገው አቅጣጫ ጠፍቷል። የማሽኑ ሶፍትዌር በጥናቱ አጋማሽ ታድሷል፤ ቀኑን ግን ማንም አልመዘገበም። ሥዕሎቹና ድምፆቹ ለተሳታፊው የቀረቡበትን ሰዓት የያዘው ፋይል አንድ ተማሪ ኮምፒውተር ላይ ቀርቶ ተማሪው ተመርቆ ሄዷል። ይህ የመጨረሻው በተለይ ያንገበግበኛል፤ ያለዚያ ፋይል የተግባር ኤፍኤምአርአይ ምስል ለታቀደለት ጥያቄ መልስ ሊሰጥ አይችልም። የሰው ጊዜ፣ የሰው ትዕግሥትና የማሽን ሰዓት በከንቱ ቀረ ማለት ነው። እያንዳንዱን እሮሮ እንዳለ ይመዝግቡት፤ አንዱ እሮሮ አንድ መስፈርት ነው።

ሦስተኛው ምንጭዎ ተሳታፊዎቹ የፈረሙት የስምምነት ቅጽ ነው። መስመር በመስመር ያንብቡት። መረጃው ለማን ይሰጣል ይላል? እስከ መቼ ይቆያል? ተሳታፊው ሐሳቡን ቢቀይር ምን ቃል ተገብቶለታል? በሌሎቹ መስፈርቶች ላይ መደራደር ይቻላል። እዚህ የተጻፈው ግን ለሰው የተሰጠ ቃል ነው፤ ሥርዓቱ ሊፈጽመው ካልቻለ ሥርዓቱ ይቀየራል።

አራተኛውን ሰው ቃለ መጠይቅ ሊያደርጉለት አይችሉም፤ ከአሥር ዓመት በኋላ ማኅደሩን የሚከፍተው ተመራማሪ ነውና። በ2004 የተጀመረውን የአልዛይመር ጥናት፣ አድኒን፣ ያስቡ፦ መረጃውን ዛሬ የሚጠቀሙት ብዙዎቹ ሲጀመር በቦታው ያልነበሩ ናቸው። ሊጠቀሙበት የቻሉትም በየማዕከሉ ያሉት ማሽኖች በተቀራረበ ፕሮቶኮል እንዲያነሱና ጥራታቸው እንዲመረመር ከመጀመሪያው ስለታሰበበት ነው። ይህን ሰው የሚተካልዎት ሙከራ አለ። ከተቋሙ አንድ ያለቀ ጥናት ይምረጡ፤ ጥናቱን ለማያውቅ ወጣት ተመራማሪ ፋይሎቹን ብቻ ይስጡትና ዋናውን ውጤት እንደገና እንዲያወጣ ይጠይቁት። ለቀድሞዎቹ ሰዎች ስልክ መደወል አይፈቀድለትም። የሚያነሳውን ጥያቄ ሁሉ ይጻፉ። ከመጠይቅዎ ሁሉ የበለጠ ዝርዝር የሚያገኙት ከዚህ ነው።

አሁን ወደ አጻጻፉ። በእያንዳንዱ መስፈርት ፊት ማን እንደጠየቀው፣ ለምን እንደሆነና መሟላቱ በምን እንደሚረጋገጥ ይጻፉ። «ሥርዓቱ ፈጣን ይሁን» የሚለውን ማንም ሊመረምረው አይችልም። «ቅኝቱ ባለቀ በ24 ሰዓት ውስጥ ምስሎቹ ማኅደር ይግቡ፤ ከፕሮቶኮሉ የጎደለ ቅኝት ካለ ለመረጃ ኃላፊው መልእክት ይድረስ» የሚለውን ግን ማንም ሊፈትሸው ይችላል። በሌላ በኩል አስገቢዎቹን አያስጨንቋቸው። በ2000 አንድ የሳይንስ መጽሔት ጽሑፍ የሚያወጡ ተመራማሪዎች መረጃቸውን በዳርትማውዝ ለነበረው የኤፍኤምአርአይ ዳታ ማዕከል እንዲያስገቡ ሲያስገድድ ብርቱ ተቃውሞ ተነስቶ ነበር። የሚሞላ እያንዳንዱ ሳጥን የአንድ ሰው ጊዜ ነው። ከማሽኑ በራሱ ሊገኝ የሚችለውን ሰው እንዲሞላው አይጠይቁ፤ የሰውን ጉልበት ሰው ብቻ ለሚያውቀው ይቆጥቡት።

ለኮሚቴው አንድ ወር ይበቃዎታል፤ ነገ ጠዋት ኤምአርአይ ክፍሉ ከገቡ ማለቴ ነው።

ጥያቄ፦ ማሽኑ የሚሰጠንን የዳይኮም ፋይል ለትንተና ወደሚመቸው የፋይል ዓይነት፣ ወደ ኒፍቲ፣ ከለወጥን በኋላ ዳይኮሙን ብንጥለውስ?

አትጣሉት። የኒፍቲ ፋይል ራስጌ (ከምስሉ በፊት ስለ ምስሉ የሚገልጸው ክፍል) 348 ባይት ብቻ ነው፤ የነጥቦቹን ስፋትና የምስሉን አቅጣጫ ይይዛል፤ ቅኝቱ የተነሳበት ዝርዝር ሁኔታ ግን አብዛኛው ቦታ የለውም። በ2016 የወጣው ቢድስ የሚባለው የፋይል አደረጃጀት ደንብ በየምስሉ ጎን ዝርዝሩን በጽሑፍ የሚይዝ የጄሰን ፋይል እንዲኖር ያደረገው ይህን ለመሙላት ነው። ለዕለት ሥራችሁ ቢድስን ተከተሉ። ዋናውን ዳይኮም ግን ጥቂት ሰዎች ብቻ በሚደርሱበት ቦታ ዝጉበት። ለዋጩ ፕሮግራም ስህተት ተገኝቶበት ሲታረም ልትመለሱበት የምትችሉት እሱ ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ በአሮጌ ፋይሎቻችን ላይ ግራና ቀኝ ተገለባብጦ እንደሆነ በዓይን አይተን ልናውቅ እንችላለን?

ሁለቱ የአንጎል ክፍሎች በጣም ስለሚመሳሰሉ በዓይን አትመኑ። በቅኝቱ ወቅት በተሳታፊው ቀኝ በኩል የቫይታሚን ኢ እንክብል ተለጥፎ ከነበረ በምስሉ ላይ ደምቆ ይታያል፤ ከሌለ ወደ ዋናው ዳይኮም ተመለሱ። ጥላችሁት ከሆነ ከላይ ያለውን መልስ አንብቡ።

ጥያቄ፦ የተሳታፊዎቹን ስም ከፋይሎቹ አጥፍተናል። አሁን ማንነታቸው ስለማይታወቅ ለሁሉም ክፍት ማድረግ እንችላለን አይደል?

«ስሙን አጥፍተናል» የሚለውን ዐረፍተ ነገር በየደብዳቤው ሳነብ ትዕግሥቴ ያልቃል። የዳይኮም ራስጌ የትውልድ ቀን፣ የቅኝት ቀንና ሰዓት፣ የተቋሙን ስም፣ በዚያ ላይ የማሽኑ አምራች ለራሱ የሚጽፍባቸውን መስኮች ይይዛል። በእነዚያ መስኮች ውስጥ ምን እንዳለ አይታችኋል?

ራስጌው ቢጸዳም ፊቱ አለ። የጭንቅላት ኤምአርአይ አፍንጫን፣ ግንባርንና አገጭን ያሳያል፤ ከእሱ የሰውን ፊት መሥራት ይቻላል። በ2019 በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦቭ ሜዲስን በወጣ ጥናት 84 ፈቃደኞች ተካፍለው ነበር። ከኤምአርአይ ምስላቸው የተሠራው ፊት ከፎቶግራፎቻቸው ጋር በመደበኛ የፊት መለያ ሶፍትዌር ሲነጻጸር ለ83 በመቶዎቹ ትክክለኛው ሰው በአንደኛነት ተመረጠ። ስለዚህ ፊቱን ከምስሉ የሚያስወግድ ፕሮግራም ተጠቀሙ፤ ከዚያም ምስሎቹን አንድ በአንድ በዓይናችሁ ተመልከቱ፤ ፕሮግራሙ አንዳንድ ጊዜ ፊቱን ይተዋል፣ አንዳንድ ጊዜም አንጎሉን ይቆርጣል። ይህን ሁሉ ብታደርጉም የስምምነት ቅጹ መረጃው ለሕዝብ ክፍት እንደሚሆን ለተሳታፊዎቹ ካልነገራቸው መልሴ አይቻልም ነው። የሥነ ምግባር ኮሚቴያችሁን ሳትጠይቁ አንድም ፋይል አታውጡ።

ጥያቄ፦ በፈቃደኝነት በአንድ ጥናት ተሳትፌ የምስሌን ቅጂ ሰጡኝ። ቤት ወስጄ ስከፍተው አንጎሌ ላይ ነጫጭ ነጠብጣቦች አየሁ። እንቅልፍ አጣሁ። ምንድን ናቸው?

እህቴ፣ ይህን እኔ ልነግርዎ አልችልም፤ ከምስል ላይ አንብቦ ሊነግርዎ የሚገባው የሕክምና ባለሙያ ነው። ነጫጭ ነጠብጣቦች በጤነኛ ሰዎችም ምስል ላይ ይታያሉ፤ ትኩረት የሚፈልጉ ጊዜያትም አሉ። የትኛው እንደሆነ የሚለየው የአንጎል ምስል የሚያነብ ራዲዮሎጂስት ወይም የነርቭ ሐኪም ነው። የጥናት ምስል ለምርመራ ተብሎ የተነሳ አይደለም፤ የሐኪም ዓይን ሳያየው የቀረ ሊሆን ይችላል። ነገ ለጥናቱ ኃላፊ ይደውሉ፤ ምስልዎን ራዲዮሎጂስት አይቶት እንደሆነ ይጠይቁ፤ መልሱ ምንም ይሁን ምስሉን ይዘው ሐኪም ዘንድ ይሂዱ። ከባድ ራስ ምታት፣ የእጅ ወይም የእግር መዛል፣ የንግግር ወይም የዕይታ ለውጥ ካለብዎት ግን ነገን አይጠብቁ፤ ዛሬውኑ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።

ማኅደር የምታቋቁሙትም ይህን ደብዳቤ ከመስፈርቶቻችሁ ጋር አያይዙት። ያልተጠበቀ ነገር በምስል ላይ ሲታይ ማን ለማን፣ በስንት ቀን ውስጥ እንደሚያሳውቅ ሥርዓቱ ሊመዘግብ ይገባል።

ጥያቄ፦ መረጃውን በሌላ አገር በሚገኝ ሰርቨር ላይ ማስቀመጥ በሕግ ይፈቀዳል?

የተቋማችሁን የሕግ ክፍል ጠይቁ።

ጥያቄ፦ የራሳችንን የማኅደር ሶፍትዌር በሁለት ፕሮግራመሮች ልንሠራ አስበናል። ምን ይመክሩናል?

አትሥሩ። ከዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ የወጣው ኤክስናት በነፃ የሚገኝ ነው፤ መረጃውን በፕሮጀክት፣ በተሳታፊ፣ በቅኝት ቀጠሮና በየቅኝቱ ደረጃ በደረጃ ይይዛል። መጀመሪያ መስፈርታችሁን ጽፋችሁ ከእሱ ጋር አመሳክሩት። ሁለቱን ፕሮግራመሮች ለጎደለው መድቧቸው፤ ጥገናውም ጊዜያቸውን ይወስዳል።

ጥያቄ፦ አንዲት ተሳታፊ «ከጥናቱ ወጥቻለሁ፤ መረጃዬ ይጥፋልኝ» ብለው ጻፉልን። ፎልደራቸውን ሰረዝነው። ይበቃል?

አይበቃም። ዳይኮሙ በማሽኑ ዲስክ ላይ፣ ምናልባትም በሆስፒታሉ የምስል ሥርዓት ውስጥ አለ። የተለወጠው ቅጂ፣ የትንተናው ውጤት፣ የመጠባበቂያ ቅጂዎቹና ለተባባሪ ቡድኖች የላካችሁት ሁሉ አሉ። ማኅደር «ከዚህ መለያ ቁጥር የወጣ ነገር ሁሉ የት የት ይገኛል?» ተብሎ ሲጠየቅ መመለስ መቻል አለበት፤ ይህን ከጊዜ በኋላ መጨመር እጅግ ከባድ ስለሆነ ከመጀመሪያው መስፈርት ውስጥ ይግባ። ለሕዝብ የወጣ ቅጂ ተመልሶ አይሰበሰብም፤ የታተመ የቡድን አማካይም አይፈርስም። ስለዚህ መውጣት የሚቻለው እስከ የትኛው ደረጃ እንደሆነ የስምምነት ቅጹ አስቀድሞ ሊናገር ይገባል።

ለአሁኑ የፈረሙትን ቅጽ አውጡና ቃል የተገባላቸውን አንድ በአንድ ፈጽሙ። ተባባሪ ቡድኖቹም ቅጂያቸውን መሰረዛቸውን በጽሑፍ ያረጋግጡላችሁ። ከዚያ ለተሳታፊዋ ምን እንደተሰረዘ፣ ምን ሊሰረዝ እንዳልቻለና ለምን እንደሆነ ዘርዝራችሁ ጻፉላቸው።