ክሬቲኒን ከፍ ሲል ኩላሊት ደከመ ማለት ነው?

ጥያቄ፦ የ38 ዓመት ወንድ ነኝ፤ ምንም አያመኝም። ሰሞኑን ደም ስመረመር ክሬቲኒንህ 1.5 ነው አሉኝ። ኩላሊቴ እየከዳኝ ይሆን?

መልስ፦ አይዞህ፣ በአንድ ውጤት ብቻ አለቀልኝ አትበል። ክሬቲኒን ከጡንቻ የሚወጣ ቆሻሻ ነው፤ ኩላሊት አጣርቶ በሽንት ያስወጣዋል። ብዙ ላብራቶሪዎች ለወንድ እስከ 1.3 ገደማ ደህና ይሉታል፣ ያንተ አልፏል። ግን ከምርመራው በፊት ከባድ ስፖርት ከሠራህ፣ ሥጋ በብዛት ከበላህ ወይም ሰውነትህ ውሃ አጥሮት ከነበረ ቁጥሩ ከፍ ሊል ይችላል። በቅርቡ ድገመው።

አያመኝም ብለህ ግን እንዳትተወው! ኩላሊት ግማሽ አቅሙን እስኪያጣ ድረስ ክሬቲኒኑ ራሱ ደህና ሊመስል ይችላል፣ ሕመሙም ላይሰማህ ይችላል፤ ለዚህ ነው የሽንት አልቡሚን (የፕሮቲን ዓይነት ነው) ምርመራም ጨምር የምልህ፣ ፕሮቲን በሽንት መውጣት ብዙ ጊዜ ቀድሞ ይታያልና። ሐኪሙን የኩላሊቴ የማጣራት አቅም (eGFR የሚባለው ቁጥር) ስንት ነው ብለህ ጠይቀው። ከ60 በታች ሆኖ ከ3 ወር በላይ ከቆየ ሥር የሰደደ የኩላሊት ሕመም ይባላል። ግፊትና ስኳርም ተለካ፤ ኩላሊትን በብዛት የሚጎዱት እነሱ ናቸው። እስከዚያው እንደ ዲክሎፊናክና አይቡፕሮፊን ያሉ የሕመም ማስታገሻዎችን ያለ ሐኪም ትእዛዝ አትዋጥ። ሽንትህ ከቀነሰ ወይም እግርህ ካበጠ ደግሞ ቀጠሮ አትጠብቅ፣ ዛሬውኑ ሂድ።