ስለ ሱሞ ቤቶች፣ አሰልጣኝ ለሚመርጡ ወጣቶች

ልጆቼ፣

ከሠላሳ ዓመት በላይ በስፖርት መምህርነትና በአሰልጣኝነት ስሠራ ከእናንተ እኩዮች ደጋግሜ የሰማሁት ጥያቄ «እንዴት አድርጌ ልመረጥ?» የሚል ነው። «እኔስ ማንን ልምረጥ?» ብሎ የጠየቀኝ ግን እምብዛም አላጋጠመኝም። ይህ ሁለተኛው ጥያቄ ምን ያህል እንደሚከብድ የገባኝ ቶኪዮ ውስጥ ሪዮጎኩ በሚባለው ሰፈር፣ ሱሞ የሚባለውን የጃፓን ባህላዊ ትግል የሚታገሉ ታጋዮች የሚሠለጥኑበት ቤት ገብቼ አንድ ማለዳ የተቀመጥሁ ዕለት ነው።

ጃፓኖች ይህን የሥልጠና ቤት «ሄያ» ይሉታል። ከአርባ በላይ ቤቶች አሉ፤ የየቤቱ አለቃ «ኦያካታ» የሚባል የቀድሞ ታጋይ ነው፣ ባለቤቱም ለልጆቹ እንደ እናት ትቆጠራለች። ጀማሪው ታጋይ እዚያው ይሠለጥናል፣ እዚያው ያበስላል፣ ከእኩዮቹ ጋር በአንድ ክፍል ይተኛል። እኔን ከሁሉ በላይ ያስገረመኝ ግን አንድ ደንብ ነው፦ ታጋይ አንድ ጊዜ የገባበትን ቤት ትቶ ወደ ሌላ መዛወር አይችልም። እንደ ቤቱ መዘጋት ወይም ከሌላ መቀላቀል ያለ ልዩ ምክንያት ካልመጣ በስተቀር፣ የቀረው መንገድ ሱሞን ጨርሶ መተው ነው። አሥራ አምስትና አሥራ ስድስት ዓመት የሆነው ልጅ እንዲህ ያለ ውሳኔ ይወስናል።

በዚያ ማለዳ ያየሁትን ልንገራችሁ። ቁርስ የሚባል ነገር የለም፤ ትንንሾቹ ጎህ ሳይቀድ ተነስተው እግራቸውን ወደ ጎን ከፍ እያደረጉ መሬቱን ይረግጣሉ፣ በግራና በቀኝ፣ በመቶዎች ለሚቆጠር ጊዜ። በመጨረሻም አንድ ገዘፍ ያለ ታጋይ ደረቱን ሰጥቶ ቆመና አንዱን ልጅ «ግፋኝ» አለው። ልጁ እግሮቹን ከመሬት ሳያነሳ እየጎተተ ሲገፋ በአሸዋው ላይ ሁለት ቀጭን መስመሮች ቀሩ፤ ጥግ ሲደርስ ተወረወረ፣ ተንከባለለ፣ ላብ ያራሰው ጀርባው አሸዋ ለብሶ ተነሳ፣ እንደገና ገባ። ስድስተኛው ላይ መነሳት አቃተው። ትልቁ ታጋይ አልጮኸበትም፤ ጎንበስ ብሎ ትከሻውን መታ መታ አደረገውና ጠበቀው። ከፍ ካለው ወለል ላይ የተቀመጠው ኦያካታ ሁለት ቃል ብቻ ተናገረ። ልጁ ተነሳ።

ዝቅ ብሎ መጀመርን አልነቅፍም። ከስድስቱ ምድቦች በታችኞቹ አራቱ ውስጥ ያለ ታጋይ ደመወዝ የለውም፤ ለታላላቆቹ ይላላካል፣ ቻንኮ የሚባለውን ወጥ ሠርቶ እነርሱ ሲበሉ ከኋላቸው ቆሞ ያስተናግዳል፣ የሚበላውም በመጨረሻ ነው። (ለዚህ ወጥ ዶሮ የሚወደደው በሁለት እግሩ ስለሚቆም ነው ይላሉ፤ በአራት እግር መቆም ለታጋይ የሽንፈት ምልክት ነውና።) ወደ 600 ከሚጠጉት ታጋዮች መካከል ባለደመወዝ የሆኑት የሁለቱ ላይኞች ምድቦች 70 ሰዎች ብቻ ናቸው። ከእነርሱም አብዛኞቹ በ15 ቀን ውድድር ስምንት ጊዜ ካላሸነፉ ደረጃቸው ይወርዳል።

ቤት ሰውን ምን እንደሚያደርገው ለማየት ቴሩኖፉጂ የተባለውን ሞንጎሊያዊ ተመልከቱ። እ.ኤ.አ. በ2015 ከሱሞ ከፍተኛው ማዕረግ ከዮኮዙና ቀጥሎ ያለውን የኦዜኪ ማዕረግ ካገኘ በኋላ በጉልበት ጉዳትና በስኳር በሽታ ወርዶ ወርዶ በ2019 ከታች ሁለተኛው ምድብ ውስጥ ተገኘ። ደጋግሞ «ልተወው» ቢልም የኢሴጋሃማ ቤት ኦያካታ «መጀመሪያ ታከም» በሚል አቆየው፤ በ2021 የዮኮዙናን ማዕረግ ያዘ። ሃኩሆም እንዲሁ በ2000 ከሞንጎሊያ ሲመጣ 62 ኪሎ ብቻ ስለነበር የሚቀበለው ጠፍቶ፣ ሊመለስ ጥቂት ሲቀረው የሚያጊኖ ቤት በሩን ከፈተለት፤ እርሱም 45 ጊዜ ሻምፒዮን በመሆን ማንም ያልደረሰበትን ቁጥር አስመዘገበ።

ይኸው የሚያጊኖ ቤት ግን ሃኩሆ ራሱ አለቃ ከሆነበት በኋላ፣ አንድ ታጋይ ታናናሾቹን ይደበድብ እንደነበር በመታወቁ በ2024 ተዘጋ፤ ልጆቹም ወደ ኢሴጋሃማ ተዛወሩ። ከዚያ የከፋውም አለ፦ በ2007 በቶኪትሱካዜ ቤት አንድ የ17 ዓመት ጀማሪ በሥልጠና ስም ተደብድቦ ሞተ፣ ኦያካታውም እስራት ተፈረደበት። ልጁ ከዚያ ቤት ለማምለጥ ሞክሮ ነበር።

ይህን የምጽፈው ከንጹሕ ሰው ወንበር ላይ ተቀምጬ አይደለም። እኔም በጥፊ የሠለጠንሁ ነኝ፤ ጀማሪ አሰልጣኝ ሳለሁ አንድ ልጅ ልምምድ አረፈደ ብዬ በጓደኞቹ ፊት መትቼዋለሁ። በማግሥቱ አልመጣም፣ በሳምንቱም አልመጣም። ያን ጊዜ «ሰነፍ ነበር» ብዬ አለፍሁት፤ ዛሬ ግን ስሙን እንጂ በሩጫ ያስመዘገበውን ሰዓት አላስታውስም።

ስለዚህ ወደ አንድ ክለብ ወይም አሰልጣኝ ስትሄዱ ዋንጫው የተደረደረበትን ግድግዳ ለማየት አትቸኩሉ። ልምምዱ እስኪያልቅ ቆዩና ከሁሉ ታናሽ የሆነውን ልጅ ፈልጉ፤ ሲወድቅ ማን እንደሚያነሳው፣ ሲታመም ማን እንደሚያሳክመው፣ አሰልጣኙ ዘወር ሲል ትልልቆቹ እንዴት እንደሚያናግሩት አስተውሉ። ባለፈው ዓመት ትተው የሄዱ ልጆች ካሉም አድራሻቸውን ጠይቃችሁ ለምን እንደሄዱ ከራሳቸው አፍ ስሙ። እኔ ያየሁት ልጅ ከሁሉም በኋላ ድስቱ አጠገብ ሲቀመጥ የኦያካታው ባለቤት ከጓዳ ሁለት እንቁላል ይዛ መጥታ ሳህኑ ላይ አስቀመጠችለት፣ ምንም አልተናገረችም፤ እርሱም አንገቱን ዝቅ አድርጎ መብላቱን ቀጠለ።