ርዕሴን ልቀይር ወይ? ስለ «ደርሶኛል» ለጻፈችልኝ ተመራቂ

የአምስተኛ ዓመት የኤሌክትሪካልና ኮምፒውተር ምሕንድስና ተማሪ የሆነች እህታችን እንዲህ ብላ ጽፋልኛለች፦ «ጋሼ፣ አድቫይዘሬ የሰጡኝ የመመረቂያ ርዕስ ፈቃድ በማይጠየቅበት ስፔክትረም (እንደ ዋይፋይ ማንም በሚጠቀምበት የሬዲዮ ሞገድ) ላይ ስለሚሠራ 5ጂ ነው። ስልኩ ‹ደርሶኛል› ወይም ‹አልደረሰኝም› ብሎ የሚልከው መልስ እንዴት አስተማማኝ ይሁን የሚል። ጓደኞቼ በሙሉ ወደ ሶፍትዌር ሄደዋል። አዲስ አበባ ውስጥ ይህን የሚፈልግ ቀጣሪ አላየሁም። ለማስተርስ ብዬ ውጭ አገር ላሉ አሥር ፕሮፌሰሮች ኢሜይል ላክሁ፤ አንድም የመለሰ የለም። እንጀራ የማይሆነኝ ከሆነ ሳይመሽብኝ ርዕሱን ልቀይር?»

እህቴ፣ ስለ ቀጣሪው ያልሽው እውነት ነው። የርዕስሽን ስም የጠራ የሥራ ማስታወቂያ እዚህ አገር አታገኚም። ኦፕሬተሮቻችን የሞባይል ኔትወርካቸውን የሚያንቀሳቅሱት ፈቃድ በተሰጣቸው ፍሪኩዌንሲዎች ነው። ቢሆንም አትቀይሪው። ይህን የምልሽ አድቫይዘርሽ እንዳይቀየሙ ብዬ አይደለም።

ሥራ በጀመርኩ ሰሞን አንድ ሆቴል «ዋይፋያችን አልሠራም አለ» ብሎ ጠራን። አራተኛ ፎቅ፣ የኮሪደሩ ጫፍ ላይ ያለ ክፍል። ስልኩ ላይ ሲግናሉ ሙሉ ነው፤ ኢንተርኔቱ ግን ይንቀራፈፋል። ባለቤቱ ኃይለኛ አክሰስ ፖይንት (ዋይፋዩን የሚያሰራጨው ሳጥን) ካልገጠማችሁልኝ አለ። ላፕቶፔን ከስልኩ አጠገብ አድርጌ በዋይርሻርክ (የሚተላለፈውን ዳታ በሚያሳይ ፕሮግራም) ስመለከት አንዱ ፓኬት (የዳታ ቁራጭ)፣ በዚያው ተራ ቁጥር፣ የድጋሚ ምልክት ተደርጎበት ሦስት አራት ጊዜ ይመጣል። ከእያንዳንዱ ኋላ ደግሞ ስልኩ ትንሿን «ደርሶኛል» ይልካል። ፓኬቱ ገና በመጀመሪያው ደርሷል ማለት ነው። የስልኩ ድምፅ ደካማ ሆኖ አክሰስ ፖይንቱ መልሱን አልሰማም፤ ስላልሰማ ደጋግሞ ይልካል። ኃይል ብንጨምርለት ጩኸቱን እንጂ ጆሮውን አናሻሽልለትም ነበር። ሌላ አክሰስ ፖይንት አቅርበን ተከልን፣ ተስተካከለ።

ያንቺ ርዕስ የዚህ ታላቅ ወንድም ነው። ዋይፋይ በ5 ጊጋኸርዝ ላይ መልሱን የሚሰጠው ፓኬቱ ካለቀ 16 ማይክሮሰከንድ በኋላ ነው፤ ሌላው ጎረቤት ለመናገር በተለምዶ 34 ማይክሮሰከንድና ከዚያ በላይ መጠበቅ ስላለበት መልሱን የሚቀድመው የለም። 5ጂ ግን እንዲህ አይቸኩልም። ስልኩ የመጣለትን ፈትቶ ትክክል መሆኑን እስኪያጣራ ጊዜ ይወስዳል፤ በዚያ መሀል የጎረቤት ዋይፋይ አየሩን ሊይዘው ይችላል። ሕጉ «ከመናገርህ በፊት አድምጥ» ነውና ስልኩ አፉን ይዘጋል። ቤዝ ስቴሽኑ (የኔትወርኩ አንቴና ጣቢያ) ተናግሮ ካቆመ በኋላ ያለው ክፍተት ከ16 ማይክሮሰከንድ ካልበለጠ ስልኩ ሳያዳምጥ የሚመልስበት መንገድ አለ፤ ለዚያ ግን መልሱን አዘጋጅቶ በጊዜው መድረስ አለበት። ቤዝ ስቴሽኑ የሚያየው ዝምታውን ብቻ ነው። ፓኬቱ ጠፍቶ ይሁን፣ ደርሶ መልሱ ታግዶ ይሁን አይለይም።

የሞባይል ኔትወርክ ደረጃዎችን የሚያወጣው 3ጂፒፒ እ.ኤ.አ. በ2016 በሪሊዝ 13 (በ13ኛው የደረጃዎች እትም) ይህን ጣጣ አለፈው እንጂ አልፈታውም፦ ዳታው ፈቃድ በማይጠየቅበት አየር ሲወርድ መልሱ ፈቃድ ባለው አየር ይመለስ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2020 በሪሊዝ 16 ኤንአር-ዩ (ፈቃድ በማይጠየቅበት ሞገድ የሚሠራው 5ጂ) መጣና ኔትወርኩ ብቻውን ፈቃድ በማይጠየቅበት ሞገድ ላይ እንዲቆም ሲፈቀድለት መሸሻ ጠፋ። የተሰጡት መፍትሔዎች ደስ ይላሉ። አንደኛው ቤዝ ስቴሽኑ «መልስህን ያዘው፣ መቼ እንደምትልክ እነግርሃለሁ» እንዲል ያስችለዋል። ሌላው ደግሞ «እስካሁን ያለህን ሁሉ ባንዴ አምጣ» ይላል፤ እስከ 16 የሚደርሱ የሃይብሪድ ኤአርኪው ፕሮሰሶች (መልስ እየጠበቁ ጎን ለጎን የሚሄዱ መላኪያዎች) መልስ በአንድ ላይ ይመጣል።

እንግዲህ ሥራው ምኑ ላይ ነው? ለኦፕቲማይዜሽን ኢንጂነርነት (የኔትወርኩን አሠራር ለማሻሻል ሥራ) ኢንተርቪው ስትቀርቢ «ድጋሚ መላኩ በዝቷል፣ ምን ታያለሽ?» ቢሉሽ አብዛኛው ተወዳዳሪ ሲግናል ደክሞ ነው ብሎ ያቆማል። አንቺ «የወረደው ነው የጠፋው ወይስ የተመለሰው?» ብለሽ ትጠይቂያለሽ። እኔ ብሆን ለዚህች ጥያቄ ብቻ ሁለተኛ ዙር እጠራሽ ነበር።

ስለዚህ ሠላሳ ገጽ ቀመር አትደርድሪ። አንድ ቤዝ ስቴሽን፣ አንድ ስልክ፣ አንድ የዋይፋይ ጎረቤት፤ በፓይተን የተጻፈ ሲሙሌሽን ይበቃሻል፣ ኤንኤስ-3 (የኔትወርክ ሲሙሌተሩ) ኋላ ይደርሳል። የጎረቤቱን ጭነት ከዜሮ እየጨመርሽ ከተደገሙት ፓኬቶች ውስጥ ስንቱ በከንቱ እንደተደገመ ቁጠሪ። ከዚያ «ሁሉንም ባንዴ አምጣ» የሚለውን ጨምሪና እንደገና ቁጠሪ። ሁለት መስመር ያለው አንድ ግራፍ ይወጣሻል። (ይህም ሶፍትዌር ነው፤ ጓደኞችሽ ሲያላግጡብሽ ንገሪያቸው።) የ3ጂፒፒ ሰነዶች በነፃ ይገኛሉ። አየሩን ስለመያዝ የሚያወራውን 37.213 አስቀድሚ፤ ከ38.213 ደግሞ ክፍል 9ን ብቻ። ሙሉውን ልጨርስ ብትዪ ክረምቱ ይገባብሻል።

ሲቪሽ ላይ የርዕሱን ረጅም ስም ገልብጠሽ አትለጥፊ፤ የሰው ሀብት ክፍሉ አይገባውም። «መልስ በመጥፋቱ ብቻ በከንቱ የሚደገም ትራፊክን በሲሙሌሽን ለክቼ፣ የመቀነሻ መንገዱን አነጻጽሬአለሁ» በዪ፣ ከጎኑም ያገኘሽውን ቁጥር አስቀምጪ።

ፕሮፌሰሮቹን በተመለከተ፣ አሥሩም ዝም ስላሉ አሥሩም እምቢ ብለዋል ብለሽ ከደመደምሽ ርዕስሽን ገና አላነበብሽውም። ድጋሚ ጻፊ፤ ለአሥሩም ሳይሆን በዚህ ጉዳይ ላይ ለሚሠሩት ለሁለቱ ሦስቱ፣ ከአምስት መስመር ሳይበልጥ፣ ግራፉን አያይዘሽ። ከመላክሽ በፊት ግን ለእኔ አሳዪኝ። የአግድሙና የቋሚው መስመር ምን እንደሚለኩ መጻፍ የሚረሳ ተማሪ ብዙ ነው።